የዋጥኳት ቃል

ባለፈው ማክሰኞ እኔና ባለቤቴ ዘይነብ የሳንባዬን ምርመራ ውጤት ልንሰማ ኦሮራ ውስጥ ካለ ክሊኒክ ሄድን። መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ፣ ገባን፣ ስሜን ተናገርኩ። ወረቀት የምትቀበለው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና፣ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር ቃሉን እየለጠጠች፣ «አስተርጓሚ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። እኔን! አዲስ አበባ ላይ ጠመኔ ስጨርስ የኖርኩትን፣ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ትንሹም ትልቁም «ቲቸር ከማል» የሚለኝን ሰውዬ! ከረቫቴን አስተካከልኩና ኢንስፔክተር ፊት እንደቆመ ሰው በጠራ እንግሊዝኛ «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ልጅቷ ልትጽፍ ስትል ዘይነብ ከኋላዬ ብቅ አለችና «የስ። ኢንተርፕሪተር። ፎር ሚ» አለች። ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለችው፣ እሱንም እኔ ያስተማርኳት እንግሊዝኛ ነው። ይህቺ ሴት አሜሪካ ከገባን ጀምሮ በኔ ጆሮ የሰማች፣ በኔ አፍ የተናገረች ሴት ናት። የባንኩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ ሁሉንም። «ምን ሆነሻል አንቺ? እኔ የት ሄጄ ነው?» አልኳት። «ለኔ ነው ያልኩት፤ ላንተ አላልኩም» ብላ ሄዳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

ወላሂ፣ ሳንባዬ አልነበረም የታወሰኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው፣ ውጤት ሊሰማ ቀርቦ፣ በአስተርጓሚ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ገና ፊቱን ባላየሁት ሰው ቀናሁ። እዚያው እንደተቀመጥኩ በሩ ተከፈተና ጥቁር ኮት የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር የያዘች፣ ጸጉሯ ከፊት ሸበት ያደረገ ሴት ገባች። ዓይኗን ወዲያ ወዲህ አንከራታ እኔ ላይ ሲያርፍ ክው አለች። «ቲቸር! እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ጎንበስ አለች። ሰናይት ናት። በዴንቨርና በኦሮራ ካሉት አስተርጓሚዎች ሁሉ፣ አላህ መርጦ ሰናይትን ላከብኝ።

ስለ ሰናይት ለመናገር ወደ ጓደኛዬ ወደ ሙስጠፋ ሱቅ መመለስ አለብኝ። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመቱ ኮልፋክስ ጎዳና ያሁኑ እንዳይመስላችሁ። ያሁኑን ልጆቹ ያውቁታል፤ በየማዕዘኑ የኛ ምግብ ቤት ነው፣ ፓርኪንግ እንኳን አይገኝም። ያኔ ከሞቴል ሞቴል ነበር፣ መብራታቸው ግማሹ የጠፋ፣ «ክፍል አለ» የሚለው ጽሑፍ ላይ አንድ ፊደል ሁልጊዜ የሚርገበገብ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ በሳንቲም ነበር የምንሳፈረው፣ ሹፌሩ የወረወርከው ሳንቲም ሲንኮሻኮሽ አዳምጦ ይበቃል አይበቃም ይላል። ከኦሮራ ተነስተህ ዴንቨር መሐል ከተማ እስክትደርስ አንድ ሙሉ ጋዜጣ ታነባለህ። እኔ የማነበው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሟቾች ማስታወቂያው ነበር፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ አጠገቤ ለተቀመጠው የኛ ሰው እየተረጎምኩ። ሥራዬ መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ባለች የመስታወት ጎጆ ነበር። ከእግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከፊቴ ትንሽ መስኮት። የኛ ሰው ሁሉ ያኔ የቆዳ ጃኬት ነበር የሚለብሰው፤ እኔ ግን ከአሮጌ ልብስ መደብር በሁለት ዶላር የገዛኋት ቡናማ ከረቫት ነበረችኝ፣ ያለሷ ጎጆዬ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። መምህር መምህር ነው፣ ትኬት ቢቆርጥም።

የሙስጠፋ ሱቅ ከእኛ አፓርታማ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አሁን የጥፍር ቤት ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬ በርበሬ ይጠብቅና የቀለም ሽታ ይቀበለዋል። ጠባብ ሱቅ ነበረች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የቴምር ካርቶን፣ የስልክ ካርድ። አምስት ዶላሩ ካርድ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ተብሎ ይጻፋል፣ ሃያ አምስቱ ላይ እናትህ «ልጆቹ እንዴት ና...» እንዳለች ይቆረጣል። የዘይነብ ሳምቡሳም እዚያው ባንኮኒ ላይ በመስታወት ሳጥን ትሸጥ ነበር፣ አንዷ በሃምሳ ሳንቲም። ሙስጠፋ አንድ የፍቅር ዘፈን ካሴት ነበረው፤ ከመጫወቱ ብዛት ክሩ ስለላላ እንጉርጉሮው ላይ ሲደርስ የዘፋኙ ድምፅ ይጎተታል፣ ይወፍራል። ያኔ ሙስጠፋ ሚዛኑን ትቶ በቀጭን ድምፁ ይቀበለውና እስኪያልፍለት ያግዘዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። የታመመ ካሴት እንኳን ብቻውን አይተውም። መርካቶ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ኳስ ሜዳ፣ እሱ በረኛ እኔ ተቀያሪ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሱቁ ጓዳ የኔ ክፍል ነበረች። ተማሪዎቼ የሩዝ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ የሙዝ ካርቶን ገልብጬ እጽፋለሁ። የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ዕቃ የሚጭኑ፣ ሽማግሌ የሚጠብቁ፣ ሁሉም ከሥራ ልብሳቸው ጋር። የማስተምረው እህትማማች ቃላት የምላቸውን ነበር። «እንግሊዝኛ እህትማማች ያበዛል» እላለሁ። «መስማት አለ፣ ማዳመጥ አለ። ብቻ መሆን አለ፣ ብቸኝነት አለ። መልካቸው አንድ ነው፤ ግን የአንዷን ባል ለሌላዋ የሰጠህ ቀን ጉድ ይፈላል!» ሙስጠፋ ከባንኮኒው ሆኖ «አስተፍሩላህ፣ ቲቸር፣ ሱቄን አታርክስብኝ!» ይላል። ሁሉም ይስቃል። የቤት ሥራ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፣ ማርክ ላይ ግን ንፉግ ነበርኩ። የታወቀ አባባሌ ነው፤ «አሥር የአላህ ነው፣ ዘጠኝ የመምህሩ፣ ለጎበዝ ተማሪ የሚተርፈው ስምንት ነው።» ስምንት የምታገኘው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበረች፣ ሰናይት። ሆቴል ትሠራ ነበር፣ ሰማያዊ ሽርጧን እንደለበሰች ትመጣለች፣ የፔንጤ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፣ ግን ስትጠይቅ ጉሮሮ ታንቃለች።

አንድ ቅዳሜ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ትሪትና ኪዩር ምን ለያቸው?» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለች ጥያቄ ለመምህር ሠርግ ናት። ካርቶኑ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። «ትሪት ማከም ነው። ሐኪሙ ይደክምልሃል፣ መድኃኒት ይሰጥሃል፣ ሕመሙን ያስታግስልሃል። ኪዩር ማዳን ነው። በሽታው ውልቅ ብሎ ይሄዳል፣ አይመለስም። የአባቴ ስኳር ይታከም ነበር፣ አልዳነም። የኔ ወባ ታከመ፣ ዳነም። ሐኪም የመጀመሪያዋን ብሎ ሁለተኛዋን ካላለ፣ ዝም ብሎ ነግሮሃል ማለት ነው» አልኳቸው። ሰናይት ጻፈች። ሙስጠፋ ከወዲያ ሆኖ «እኛስ በአማርኛው ሁለቱንም ስጠን» አለና ስኳር መመዘኑን ቀጠለ። ያንን ዛሬም እሰማዋለሁ።

በዚያ ዘመን የሰው ሁሉ አፍ እኔ ነበርኩ። ደብዳቤ የደረሰው ይዞልኝ ይመጣል፣ ያመመው ይዞኝ ይሄዳል። መስታወት ጎጆዬ ጋ ሰው ተሰልፎ የሚያዩ ፈረንጆች ምን እንደምሸጥ ይገርማቸው ነበር። ምንም አልቀበልም፤ አንዲት ነገር ብቻ እቀበላለሁ፣ «ቲቸር ባይኖር ምን እንሆን ነበር» የምትለዋን። ልቤ እሷን ስትሰማ እንደ ሊጥ ኩፍ ትል ነበር። እሷን የሚወስድብኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሰናይት ግን ሳትነግረኝ ኮሌጅ ገባች፣ ተፈተነች፣ አለፈች፣ አንድ ቀን ያቺን ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሱቅ መጣች። «ቲቸር፣ በእርስዎ ነው» አለችኝ። ሙስጠፋ ቴምር በነጻ አደለ። እኔም ሳቅኩ፣ ጥርሴን። ማታ ቤቴ ገብቼ ዘይነብን «ባጅ አደረገች ብሎ ሰው እንግሊዝኛ ያውቃል?» አልኳት። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» ብዬም ጨመርኩ። ዘይነብ «አንተ፣ ቅናት ይዞሃል» አለችኝ። «እኔ? በሷ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ ስልኬ መጮሁን ቀነሰ። ሰዉ ክሊኒክ ሲሄድ «ሰናይት አለችልን» ይል ጀመር። በእግዚአብሔር፣ በአላህ፣ በፈለጋችሁት፣ ያ ቃጠሎ እስከ ዛሬ ከምላሴ ሥር አልጠፋም።

ሙስጠፋ የታመመው ክረምት ላይ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልይዝ አለ። ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ገና ክሊኒኮቹ ጓደኛ ሲያስተረጉም ብዙ አይከለክሉም ነበር። ወጣት ሐኪም ነው፣ ጉበቱን በሥዕል አሳየን፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ በቀስታ ተናገረ። «ልናክመው እንችላለን፤ ልናድነው ግን አንችልም።» ሁለቱም ቃላት፣ ትሪትም ኪዩርም፣ ካርቶኔ ላይ እንደጻፍኳቸው ጎን ለጎን። ሙስጠፋ ፊቴን ያያል፣ እንደ ፍርድ ይጠብቃል። እኔም «ሙስጤ፣ ይታከማል ብሏል፣ ኢንሻአላህ» አልኩት። ሁለተኛዋን ዋጥኳት። ፊቱ ወዲያው በራ። እጄን ይዞ፣ «ቲቸር፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» አለኝ።

እኛ አገር ክፉ ነገር እንዲህ በደረቁ አይነገርም፣ ታውቃላችሁ። መርዶ እንኳን ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቁርስ እንዲቀምስ ተደርጎ ነው። ለታማሚ ደግሞ «ትሞታለህ» ብሎ የሚነግር ሰው ሰው ነው? ለራሴ እንዲህ አልኩ፣ ለዘይነብም እንዲህ አልኩ። ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ፣ ሳምንት ይለፍ፣ ትንሽ ይብላ። እስከዚህ ድረስ ብትኮንኑኝም እከራከራችኋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን መከራከሪያ የለኝም።

ሙስጠፋ ለዚያ ዓመት ሐጅ ተመዝግቦ ነበር፤ ከዴንቨር የሚሄድ ጉዞ፣ ኢሕራሙን፣ ነጩን የሐጅ ልብስ እንኳን ገዝቶ ሱቁ ውስጥ ከሽሮው በላይ ሰቅሎታል። ይታከማል የምትለዋን ከሰማ በኋላ ግን «እንዲህ ደክሜ ከምሄድ ልዳንና ለሚቀጥለው ዓመት ጠንክሬ እሄዳለሁ» አለ። ስሙን አሰረዘ። የነገረኝ በርበሬ እየሰፈረ ነው፣ እየሳቀ። ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቀጠለና «ክሊኒኩ ደውሎ ነበር፤ ከአሁን ወዲህ አስተርጓሚ እኛ እንመድባለን አሉ። ሰናይት ትሆናለች መሰለኝ፣ አንተም ታርፋለህ» አለኝ። ልናገረው የነበረው ነገር ጠፋኝ። በምትኩ የወጣው ቃል ይኸውላችሁ፤ «ሴት ልጅ ፊት ሱሪህን ልታወልቅ ነው? ደግሞ የፔንጤ ልጅ ናት፣ የቤትህን ገመና ቸርች ውስጥ ብታወራውስ? እኔ እያለሁ!» ሙስጠፋ ሚዛኑን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ። «እውነትህን ነው» አለ። ለክሊኒኩ አስተርጓሚ እንደማይፈልግ ፈርሞ መለሰ። ሁለተኛውን ቀጠሮ እኔው ወሰድኩት፣ እዚያም ሐኪሙ ያቺኑ ነገር ደገመ፣ እኔም ያቺኑ ደግሜ ዋጥኩ። ሐጃጆቹ ሄዱ። አየር ማረፊያ ድረስ የሸኛቸው ሙስጠፋ ነው፣ «ዱዓ አድርጉልኝ፣ ለከርሞ አብረን ነን» እያለ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አለቃዬ አልለቅህም አለኝ፣ ሥራ ቀረሁ ብል ጎጆዬን ላጣ ነው። ሙስጠፋ ብቻውን ሄደ፣ ሰናይትን ሰጡት። በማግስቱ ጠዋት መስታወቴ ተንኳኳ። አየሁ፣ ሙስጠፋ ነው፣ ጃኬቱ ውስጥ ጠፍቶ፣ አሥራ አምስት ቁጥር ይዞ እዚያ ድረስ መጥቶ። መኪናዎች ከኋላው ጡሩምባ ይነፋሉ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቲቸር፣ ሁለት ቃል ነበር» አለኝ። «አንዷን የት አደረስካት?»

«ሙስጤ፣ ልቤ አልችል ብሎ...»

«አንተ አይደለህ በኔው ሱቅ፣ በኔው ካርቶን ለያይተህ ያስተማርካቸው? እኔ ስኳር እየመዘንኩ ሰምቻለሁ እኮ። ሁለቱንም ስጠን ብዬህ ነበር።» ትንሽ ተነፈሰ። «ብትነግረኝ እሄድ ነበር። እግሬ ያኔ ይሸከመኝ ነበር።»

አፉ በለኝ አልኩት፣ በዚያች ትንሽ መስኮት። «አፉ ብዬሃለሁ» አለ። «ወላሂ ብዬሃለሁ። ሆስፒታል ግን ከሷ ጋር ነው የምሄደው።» ይህን ብሎ ሄደ። ይቅርታው ጆሮዬ ውስጥ አልገባም፤ የገባችው ሁለተኛዋ ናት፣ ከሷ ጋር የምትለዋ። ሰው እንዲህ ይከፋል? ጓደኛዬ እየሞተ እኔ የማስበው የማን መኪና ውስጥ እንደሚቀመጥ ነበር። በየሳምንቱ ሰናይት በአሮጌ ቀይ ቶዮታዋ መጥታ ሱቁ በር ላይ ታቆማለች፣ በሩን ትከፍትለታለች፣ ቀበቶውን ታስርለታለች። እኔ ማዶ አውቶቡስ የምጠብቅ መስዬ አያለሁ። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ያልፋል፣ አልሳፈርም።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ወሬው ሁሉ ሰናይት ሆነ። አስተርጓሚ ሲባሉ የሰውየውን ቃል እንደራሳቸው አድርገው ነው አሉ የሚናገሩት፤ «አመመው ይላል» አይሉም፣ «አመመኝ» ነው የሚሉት። ሙስጠፋ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ በዚያች በቀረችው ድምፁ ይተርካል፤ «'ሚስቴ ሥጋ ከልክላኛለች' ብዬ ብነግረው፣ ልጅቷ ፈርጠም ብላ 'ማይ ዋይፍ' ብላ ጀመረችለት! ሐኪሙ እንኳን አልሳቀም። በኋላም 'ሽንት ሲመጣብኝ አያስችለኝም' ስል፣ እሷዬ በኔ ቦታ አያስችለኝም አለች። እኔ አፈርኩላት፣ እሷ አላፈረችም።» ሰዉ በሳቅ ይፈነዳል። ሙስጠፋም ይስቃል፣ ሆዱን ይዞ። ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው በሷ ነው፣ በኔ አይደለም። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላስተማርኳትም» ብዬ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም።

መኸር ላይ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሰዉ እየገባ ባለቤቱን ያጽናናል፣ እሷም ለሁሉም «ያቺ ልጅ ነች የጠበቀችልኝ፣ ምንም ሳይደበቅ ተናዞ፣ ልጆቹን አስማምቶ፣ ተዘጋጅቶ ሄደ» ትላለች። ሰናይት በር አጠገብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። አንዱ ሽማግሌ ወደኔ ዞር ብሎ «ጎበዝ ተማሪ አፍርተሃል፣ ቲቸር» አለኝ። ለቅሶ ላይ መቅናት ምን ያህል ነውር እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንባዬን ሰዉ ሁሉ ለሙስጠፋ መስሎት ነበር። ለሙስጠፋም ነበር፣ ግን ሁሉም አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ የቅዳሜ ክፍሌን ዘጋሁ፣ ሱቁም ተሸጠ፣ ሰናይትንም መንገድ ላይ ባየኋት ቁጥር ማዶ ተሻገርኩ። ለዘይነብ ግን ሁሉንም ነገርኳት፣ አንድ ሳልደብቅ። ካዳመጠችኝ በኋላ «ሙስጠፋን እንዲህ ካደረግከው፣ እኔንስ?» አለችኝ። ሳቅኩባት። እሷም ዳግም አልጠየቀችም።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ሰናይትን ተከትዬ ወደ ሐኪሙ ክፍል የገባሁት። ሦስት ወንበር ነበር። ሰናይት ወንበሯን ትንሽ ወደኋላ አደረገች፣ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ለዘይነብም «እማማ፣ የሚባለውን ሁሉ እናገራለሁ፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም» አለቻት። አልቀንስም ስትል ወደኔ አላየችም። እኔ ግን አየኋት።

ሐኪሙ ሴት ናት፣ መነጽሯን አወለቀች። ሐኪም መነጽር ሲያወልቅ ምን እንደሚከተል ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ተናገረች። ሁለቱም እህትማማቾች መጡ፣ ትሪት ፊት፣ ኪዩር ኋላ፣ መሐላቸው ያቺ «ግን» የምትባል። ከዘይነብ ቀድሜ የሰማሁ እኔ ነኝ። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ነገሩ የኔ ብቻ ነበር፣ እንደድሮው። ወደ ዘይነብ ዞርኩ። ያቺ ፊት፣ ሳምቡሳ ስትጠቀልል የማውቃት ፊት፣ ዓይኗ ተንጠልጥሎ። ምላሴ ላይ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይታከማል፣ ኢንሻአላህ። ወላሂ ሐሰት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው።

አፌን ሳልከፍት ዘይነብ መዳፏን ወደኔ ዘረጋች። «አንተ ዝም በል» አለች። «አንተ ታሳምረዋለህ። ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

ሰናይት ዓይኗን ወደ ማስታወሻዋ ዝቅ አደረገች፣ ያኔ ጆንያ ላይ ሆና እንደምታደርገው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሐኪሟን ሆና፣ እኔን እያየች፣ «ላክምዎት እችላለሁ፤ ላድንዎት ግን አልችልም» አለች። እንዲህ ብቻ። አንዷን አልዋጠችም፣ አንዷን አላለሰለሰችም፣ ድምፅዋ ግን የሰው ድምፅ ነበር። አርባ ቅዳሜ ብለፋ እንዲህ አድርጌ አልለውም። ዘይነብ አላለቀሰችም። «ስንት ጊዜ አለን?» አለች፣ ሰናይትም ለሐኪሟ «ስንት ጊዜ አለን?» ብላ በኛ ቦታ ጠየቀችልን። ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ። «እንግዲያው ዘንድሮ ሐጅ እንሄዳለን» አለች ዘይነብ፣ ወዲያው፣ ገበያ እንሄዳለን እንደማለት። ከዚያ እጇን ዘርግታ እጅ ያዘች። የኔን አይደለም፤ የሰናይትን። ስለ ሳንባዬ ሲነግሩኝ ያልተሰማኝ፣ ያን ጊዜ ተሰማኝ። የሚስቴ እጅ በዚያች ልጅ እጅ ውስጥ ሆኖ ሳየው ደረቴ ላይ እሳት ተለቀቀብኝ።

ስንወጣ ሰናይት እስከ አሳንሰሩ ሸኘችን። ዘይነብ ቀድማ ገባች። ሰናይት በሩን በእጇ ይዛ ቆመች፣ ባጇን እያገላበጠች። «ቲቸር» አለችኝ፣ «በደንብ ተረጎምኩት?»

ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚህ ቦታ ይጠይቃል? ግን የጠየቀችው የኔ ተማሪ ናት፤ ስምንት አልፋ የማታውቀዋ። በሩ ሊዘጋ እየገፋ ይንጫጫል። መዋሸት እችል ነበር፣ በዚህ የሚደርስብኝ የለም። ሙስጠፋን አሰብኩ፣ በዚያች መስኮት።

«ዘጠኝ» አልኳት፣ እያቃጠለኝ።